ይቅደሙ ያላልኩበት እሑድ

ሰኞ

ጸጉሬ እስካሁን ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ሦስቴ ታጠብኩ። ትናንት ከጀልባዬ ተገልብጬ ግድቡ ውስጥ የገባሁት ነፋስ ጥሎኝ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። የጣለኝ ሰላምታ ነው!

የውድድሩ መዞሪያ የሆነውን ቢጫ ጀሪካን ልዞር ስል ይመር በጀልባው ከኋላዬ መጣና «አሰላሙ አለይኩም ሐሊማ! እናትሽ እንዴት ናት?» አለ። እኔ ሞኟ፣ ትልቅ ሰው ሰላም ሲለኝ ተቀምጬ መመለስ ነውር ሆኖብኝ ብድግ አልኩ። ጀልባ ላይ ብድግ! ሸራው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ከውሃው ብቅ ስል እሱ ጀሪካኑን ዞሮ ሄዷል። ዳር የቆመው ሰው በሳቅ ሞተ።

ሰውዬው ስልሳ ዓመት ያለፈው ጡረተኛ ሹፌር ነው። ጀልባ መንዳት አይችልም፤ ሰላም ማለት ግን ይችላል። አጠገቡ ስትደርሺ ይጀምራል፤ እናትሽ፣ ከብቱ፣ ማሽላው፣ ጎረቤቱ። ያደገ ሰው ደግሞ ሰላምታ አቋርጦ አይሄድም። አንቺ «አልሐምዱሊላህ» ስትይ የሸራ ገመድሽ ይላላል፣ የሱ አይላላም። ሰዉ «ጋሽ ይመር እኮ ሰው አክባሪ ነው» ይላል። እቴ! ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው።

የሚያንገበግበኝ መገልበጤ ብቻ አይደለም። ክበባችን ያለው ስድስት ጀልባ ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በዓመቱ የመጨረሻ እሑድ ውድድር ኋላ የቀረ ጀልባውን ለባለተራ ያስረክባል፤ ይላል ደንቡ። ደንቡን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ የክበቡ ጸሐፊ ነኝና። ስጽፈው እሱን አስቤ ነበር። ያኔ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣው ይመር ነበር፤ ሰላምታውን ገና አልጀመረም። አሁን መጨረሻ የምወጣው እኔ ሆንኩ። የመጨረሻው እሑድ ደግሞ የፊታችን ነው።

ማክሰኞ

ስፌት ቤቱን ከፍቼ አንድ ቀሚስ ሳልነካ ደንብ ስጽፍ ዋልኩ። ከማስረከቡ ደንብ ሌላ እስካሁን ያለን ይሄ ነው፦

ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አምስት ደቂቃ ዝግጅት፤ ሲወርድ ፊሽካ፣ ጉዞ።
ከፊሽካው በፊት መስመር ያለፈ ተመልሶ ይነሳል።
ሁለት ጀልባ ከተገናኘ ነፋሱ በቀኝ በኩል የሚመጣለት ቅድሚያ አለው።
ጀሪካኑን የነካ እዚያው አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ማንም ባያየውም።
ክርክር ከተነሳ የሚናገር ሰው በሃይማኖቱ ምሎ ይናገራል።

የኔ ጭማሪ፦ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሰላምታ የለም። ውሃ ላይ ታላቅና ታናሽ የለም።

ለእማዬ አነበብኩላት። «ሰላም መከልከል? ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት!» አለች። እማዬ ጀልባውን ከጥንቱም አትወደውም፤ ባል ያጣሁት በሱ ሰበብ ይመስላታል። እሑድ ከሰዓት ነፋሱ ከአፋር በኩል ሲነሳና ገመዱን ስይዝ ግን ማንም «ሐሊማ ይሄን አጥብቢልኝ፣ ያንን አሳጥሪልኝ» አይለኝም። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የኔ የምለው ሰዓት እሱ ብቻ ነው። አልሰጥም።

ረቡዕ

ይመር ሸራውን ታቅፎ ስፌት ቤት መጣ። ጫፉ ተቀዷል። የስድስቱንም ሸራ የምሰፋው እኔ ነኝ፣ የት ይሂድ። «አካም ጂርታ ሐሊማ? ነጋያ?» ብሎ ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀመረ። ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ ማሽኔ። ከጨፋ ሮቢት ገበያ መምጣቱ ነበር፣ ያየውን በሬ ሁሉ አንድ በአንድ አወራልኝ። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጄ ላይ ቀረ።

ክሩን ላላ አድርጌ ልሰፋለት አሰብኩ። ማሰብ ብቻ አይደለም፣ ጀመርኩት። ከዚያ ፈታሁት። ለሱ ብዬ አይደለም፤ የሐሊማ ስፌት ውሃ ላይ ተተረተረ ሲባል መስማት አልችልም። ድርብ አድርጌ ሰፋሁለት። «እጅሽ ይባረክ ልጄ» አለኝ። እርር ድብን አልኩ።

ሐሙስ

ስብሰባ። ተሸነፍኩ።

ሰብሳቢያችን መምህር ተስፋዬ ጭማሪዬን አነበበ። ሳይጨርስ ጉርምርምታ ተነሳ። ይመር ቆመ። «ሰላምታ መመለስ ግዴታችን ነው» አለ። «አላህ የጣለብንን ግዴታ የጀልባ ክበብ ሊያነሳልን ነው? ዛሬ ውሃ ላይ ታላቅና ታናሽ የለም ካልን፣ ነገ መንገድ ላይ ገፍተውን ነው የሚያልፉት።» ሁሉም «እውነት! እውነት!» አለ።

«ሰላም በሉ፤ ግን ዳር ደርሳችሁ በሉ!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ። መምህር ተስፋዬ እንኳ፣ ክርስቲያኑ፣ እሱ ይረዳኛል ስል፣ «ሐሊማ፣ ይሄስ ነውር ነው» አለኝ። እጅ አውጡ ተባለ። የኔ እጅ ብቻውን ቆመ።

ስንወጣ ይመር በሩ ላይ ጠበቀኝና «ቅደሚ ልጄ» አለ። «ኧረ ይቅደሙ» አልኩት። አፌ ራሱ ነው ያለው፤ እኔ አላዘዝኩትም። እሺ ብሎ ቀደመኝ።

ቅዳሜ

ሁለት ቀን ስብሰለሰል ከርሜ ዛሬ ቁልፍ ስተክል መጣልኝ። ሰላምታ ካልተከለከለ ለኔም አልተከለከለም! ደግሞስ ቀድሞ ሰላም ማለት ያለበት ማን ነው? ታናሽ ነው። ቁርአን ቤት ያስተማሩን ይሄንኑ ነው። እስካሁን ታላቅ ሆኖ እሱ ሲቀድመኝ የኖረው በኔ ድንዛዜ ነው። ቆይ ብቻ።

እሑድ

መዳፌ ተልጧል፣ እስክሪብቶ መያዝ ያመኛል።

ፊሽካው ሲነፋ ጥሩ ነበርኩ፤ ይመር ሦስተኛ፣ እኔ አራተኛ። ጀሪካኑ ጋ ደረስኩበትና አፉን ሳይከፍት «አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ይመር! እንዴት ዋሉ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ? ማሽላው እንዴት ያዘ?» አልኩ። ተቀምጬ። ደነገጠ! «ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ» እያለ ገመዱ ከእጁ ሲላላ አየሁ። ደስ አለኝ።

ግን እሱም ቀላል ሰው አይደለም። «እናትሽስ? ወገቧን ተሻላት?» አለኝ። እናቴን ጠይቆኝ እንዴት ልተወው? «አልሐምዱሊላህ፤ እግርዎስ?» አልኩ። «ደህና ነው፤ ስፌቱስ?» አለ። እሱ አያቆም፣ እኔ አላቆም። ቀድሞ ዝም ያለ ባለጌ ሊባል ነው። እንዲህ ስንባባል ነፋሱ ሁለታችንንም ጎን ለጎን ገፍቶ ጀሪካኑን አሳልፎን ደንገሉ ውስጥ ወሸቀን። ከኋላችን የነበሩት ሁለቱ እየሳቁ አለፉ። የፊተኞቹማ ርቀው ሄደዋል።

ደንገል ውስጥ ነፋስ የለም፣ ትንኝ ብቻ። ወደ ኋላ ተመልሰን፣ ጀሪካኑን በደንቡ ዞረን ስንጨርስ ነፋሱ እንደገና ደንገሉ ውስጥ ወሸቀን። ማንም የሚያየን የለም። ደንገሉን በእጃችን እየሳብን ወደ መውጫው ተጓዝን። መውጫው አንድ ጀልባ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። እኩል ደረስን። እዚያች ላይ ኋላ የቀረ ጀልባውን ያጣል። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

አየኝ። ዝም አለ። ይመርን ዝም ብሎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እየጠበቀኝ ነበር። «ይቅደሙ» ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ምላሴን ነከስኳት። ደንገሉን በሁለት እጄ ጨብጬ ሳብኩ። ጀልባውን ሳልነካ በፊቱ አለፍኩ። ቅደሚ አላለኝም። ጆሮዬ ደህና ነው፣ አላለኝም።

አምስተኛ ወጣሁ። እሱ ስድስተኛ። ዳር ወርጄ ሸራዬን ማጠፍ ጀመርኩ። ወላሂ ደስ ብሎኛል።

ሰኞ

የሰውዬውን ጉድ! ከተማችን ከሚሴ ሙሉ «ጋሽ ይመር ሐሊማ ጀልባዋን እንዳታጣ ለቀቀላት» ይላል። ትናንት እኔ ሸራዬን ሳጥፍ ነው አሉ ለሰዉ የተናገረው። «ቅደሚ አልኳት። እኔ በቃኝ፤ ልጅ ትጫወትበት» ብሎ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰው ስፌት ቤት ገብቶ «ማሻ አላህ፣ እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል» ብሎኛል። እማዬ አለቀሰች። «ይሄን ሰው ነው ስትራገሚው የከረምሽ? ሂጂ ጉልበቱን ሳሚ» አለችኝ።

ተሸንፎም አሸነፈኝ። ጀልባዬን ምጽዋት አደረገው! አላለኝም ብል ሽማግሌ ገፍታ ያለፈች እባላለሁ። ዝም ብል ዕድሜ ልኬን ባለውለታው ነኝ፤ ውሃ ላይ በወጣሁ ቁጥር ዳር ቆሞ ሰላም ሊለኝ ነው። አንጀቴ አረረ። እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ

ቃለ ጉባኤው እኔ ጋ ነው። የእሑዱን ውጤት ጽፌ ሐሙስ ስብሰባው ላይ አነባለሁ። «አምስተኛ ሐሊማ፣ ስድስተኛ ይመር» ብል ይበቃል፤ ማንም አይጠይቀኝም። በሌላ ወረቀት ሞከርኩት። ቀደድኩት። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ ቀደድኩ። ጀሪካኑን የነካ ማንም ባያየውም ይዙር ያልኩ ሰው እኔ አይደለሁ? ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ወረቀቱን ስታይ «ምነው፣ ደብዳቤ ነው?» አለች። «አዎ» አልኳት።

በመጨረሻ የሆነውን እንደሆነው መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። የመጣው ይምጣ።

ሐሙስ

ቆሜ አነበብኩት። «መውጫው ላይ እኩል ደረስን። ጋሽ ይመር ቅደሚ አላሉኝም። እኔም ይቅደሙ አላልኳቸውም። ራሴ ቀደምኩ።»

ከኋላ አንዱ «አስተግፊሩላህ» አለ። መምህር ተስፋዬ መነጽሩን አወለቀ። «ጋሽ ይመር፣ እንዲህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ይመር ፈገግ አለ። «ልጅ ናት፤ ሳትሰማኝ ቀርታ ይሆናል» አለ።

ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ይማሉ!» አልኩ። «ክርክር ላይ የሚናገር ምሎ ይናገራል ይላል ደንቡ። ወላሂ ብያታለሁ ይበሉ፣ ጀልባውን አሁኑኑ አስረክባለሁ።» ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ቢምልስ? ሰውዬው የፈለገውን ያህል መሠሪ ይሁን፣ በአላህ ስም አይቀልድም። ወለሉን እያየ «አላልኳትም» አለ። «ልላት ነበር። ቀደመችኝ።» የጀልባውን ሰንሰለት ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ማንም እንኳን ደስ ያለሽ አላለኝም። ሲወጡ በየተራ ፊታቸውን አዞሩብኝ፤ አንዷ ወንበሬን በሩቁ ዞራ አለፈች። እማዬ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እሺ፣ ይሁን። ጀልባው የኔ ነው፤ የሰጠኝ የለም።

«ልላት ነበር» የምትለዋ ቃሉ ግን አልለቀቀችኝም። ከስብሰባው እስከ ቤት እሷን ሳመነዥክ መጣሁ። እውነቱን ይሆን? ትንሽ ብታገሥ ይለኝ ነበር? ይበለኝ እንበል። «ቅደሚ ልጄ» ቢለኝ አፌ ምን ብሎ ይመልስ ነበር? አፌን አውቀዋለሁ። «ኧረ ይቅደሙ» ነው የሚለው። እሱም እሺ ብሎ ይቀድመኝ ነበር። እንኳንም አልጠበቅኩት።