ስለ አራት ቁጥር አውቶቡስ የምስራች

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅና «ደስታዎ ደስታችን» የተሰኘው ተወዳጅ የጠዋት ፕሮግራም አዘጋጅ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ከተማው ሁሉ የሚነቃው በእርስዎ ድምፅ ነውና ጉሮሮዎን ብርድ እንዳይመታዎት፣ ሳል እንዳይዳፈርዎት፣ መንጋጋዎም አንድ ቀን ሳይታመም ምግብዎን ራስዎ እያኘኩ እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። መንጋጋን ያነሳሁበት ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

«ውድ አድማጫችን» ብለው የላኩልኝ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። ፕሮግራሙ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ የምስራች ልከው ከተነበበላቸው ሰዎች መካከል በዕጣ መመረጤን፣ ስቱዲዮ ቀርቤም «ደስታን በአካባቢ ሬዲዮ ማካፈል ያለው ጥቅም» በሚል ርዕስ ለአሥር ደቂቃ እንድናገር መጋበዜን አንብቤያለሁ። ዕጣውን ያወጣው ሰው እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። አሥር ደቂቃ ስለማይበቃኝ፣ ከእርስዎም ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ እጄን ስለማላምነው፣ መልሴን በጽሑፍ ማድረጉን መርጫለሁ። ያለ አድራሻ የምስራች አይነበብም እንደሚሉት፣ ያለ አንባቢም ደብዳቤ ከንቱ ነውና አንዱን ቅጂ በጣቢያዎ በር፣ አንዱን በአውቶቡስ መናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

እኔ ሶፋ ሰሪ ነኝ። ሬዲዮዬ ስፖንጅ ከምቆርጥበት ጠረጴዛ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አሥር ዓመት ሙሉ ከእርስዎ ጣቢያ ሌላ አልተናገረም። ልጅ የተወለደለትን፣ ፈተና ያለፈውን፣ ከሐኪም ቤት በእግሩ የወጣውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ በማላውቀው ሰው ደስታ ለብቻዬ ስስቅ ጎረቤቶቼ አበደ ብለው ታዝበውኛል። አንድ ጊዜም ለዓመታት ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ወለዱ ሲባል፣ ሚስማር በከንፈሬ እንደያዝኩ አልቅሻለሁ። የሬዲዮን ጥቅም እንዲያስረዳኝ ሰው አልፈልግም ለማለት ነው።

ታናሽ እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት ከባሏ ቤት የወጣችው በመስኮት ነበር፤ በሩን ቆልፎ የሚደበድብ ባል ስላላት በበር መውጣት አልተቻላትም። ከሥራ ቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በጨርቅ ጥቅሎች መሃል እየተኛች መንዳት ተማረች። ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች፤ የከተማው አውቶቡስ ድርጅትም አራት ቁጥርን አስረከባት። ዩኒፎርሟን ለብሳ ፊቴ ስትቆም ደስታው ከሆዴ ሞልቶ ፈሰሰ። እሷ ግን ቀድማ ለምናኝ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ እኛ ካወቅን ይበቃል» አለችኝ። አልበቃኝም። የምስራቹን ይዤ ወደ እርስዎ ሮጥኩ። ይህንን ጥፋት በማንም አላሳብብም፤ በየቀኑ ስነሳና ስቀመጥ አብሮኝ ይነሳል፣ አብሮኝ ይቀመጣል።

ከዚያ በኋላ ላለው ግን እርስዎም ድርሻዎን እንዳያጡ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። ቅጽዎ ላይ «መልካም ምኞት የሚደርሳቸው የት ነው?» የሚል ሳጥን አለ። ሳጥኑን ባዶ አድርጌ ሁለት ጊዜ ይዤ ብመጣ እንግዳ ተቀባይዋ ሁለት ጊዜ መለሰችኝ፤ ደንብ ነው አለች። በሦስተኛው «የአራት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር» ብዬ ሞላሁና ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ለደኅንነቷ ሲባል ይህ አይነበብ» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም ሙሉ ስሟን ከነአባቷ፣ አውቶቡሷንም ከነቁጥሩ አነበቡት። ቀዩን ጽሑፍ አላየሁትም እንዳይሉ፣ ወንድሟ ዓይናፋር ሰው ነው፣ አይነበብ ብሏል፣ የምስራች ግን ተደብቆ አያውቅም ብለው ስቀዋል። እኔ ያንን ስሰማ ሬዲዮውን ለመዝጋት ተነሳሁ። የእኔን መዝጋት ለከተማው ሬዲዮ ምን ይፈይዳል?

፪. ስለ ስልክ መስመሩ አመሰግናለሁ። የምስራቾቹ ተነብበው እንዳለቁ አንድ ሰው ደወለ፤ ስሙን አልተናገረም፣ እርስዎም አልጠየቁትም። ድምፁን ግን እኔ ከመቶ ሰው መሃል እለየዋለሁ፤ በሠርጋቸው ቀን «እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃታለሁ» ብሎ የማለልኝ ድምፅ ነው። «እንኳን ደስ አላት። በአካል ልላት ፈልጌ ነበር፤ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታልፈው?» አለ። እርስዎም እንደ ወትሮው ትሑት ነዎትና፣ ጠዋት ጠዋት ለከተማው የሚያነቡትን የአውቶቡስ ሰሌዳ ገለጥ አድርገው «ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ ትደርሳለች፤ አበባ ይዘው ይጠብቋት» አሉት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእርስዎ ግን ወለምታ አልነበረም፤ ሰሌዳ ላይ ፈልገው ያገኙት ነው።

፫. በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጠበቃት። አበባ አልያዘም፤ የጎማ መፍቻ ብረት በጋዜጣ ጠቅልሎ ነበር። በፊተኛው በር ገባ። የመጀመሪያው ምት መንጋጋዋን ለሁለት ከፈለው። ቦታው ቁልቁለት ነው፤ እህቴ በተሰበረ መንጋጋ፣ አፏ ደም እንደሞላ፣ ፊቷን ከመከለሏ በፊት የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ሁለተኛውን ምት የተቀበለችው ክንድ ከክርኗ በታች ተሰበረ። ሦስተኛው ጭንቅላቷ ላይ አረፈ። አራተኛውን ሲያነሳ አንድ ሥጋ ሻጭ ከኋላ ወንበር ተነስቶ አንገቱን አንቆ ጣለውና ፖሊስ እስኪመጣ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት። ዕድሜ ይስጠው። ፖሊስ ትንሽ ቢዘገይም አልከፋም ነበር። ከሠላሳ አራቱ ተሳፋሪዎች አንዱም አልተጫረም፤ ይኼም የምስራች ነውና ለፕሮግራምዎ ይጠቅም እንደሆነ ይያዙት። እህቴ ግን ጥርሶቿ በሽቦ ታስረው ሾርባ በቀሰም ትጠጣለች። ለእርስዎ መንጋጋ መልካም መመኘቴ ከዚህ የተነሳ ነው።

፬. ይህ ምስጋና የእውነት ነው፤ የሚገባው ግን ለእርስዎ አይደለም። አደጋውን የሰማሁት ከጣቢያዎ ነው። የሶፋ ክንድ ላይ ጨርቅ እየወጠርኩ ሳለ ዘፈኑ ተቋረጠና አንዲት ሴት፣ የማይክ ልምድ የሌላት፣ ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ፣ «የአራት ቁጥር ሹፌር ደም እየፈሰሳት ነው፤ ኦ ኔጌቲቭ የሆናችሁ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ሂዱ» አለች። የድምፅ ቴክኒሻንዎ ነበረች። መዶሻው አውራ ጣቴ ላይ ወረደ፤ ያመመኝ ማታ ነው። ሆስፒታል ስደርስ ሰልፉ ከበር ውጪ ወጥቶ ነበር። አርባ አንድ ሰው! ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ሳያራግፍ፣ የትራፊክ ፖሊሷ ጓንቷን ሳታወልቅ መጥተዋል። ዛሬ በእህቴ ደም ሥር የሚዞረው የእነሱ ነው። የአካባቢ ሬዲዮ ጥቅሙ ምንድን ነው ብለው ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሴ ያቺ ግማሽ ደቂቃ ናት። እርስዎ ለዚህች ሴት «ያለ ፈቃድ የሙዚቃ ሰዓት በማቋረጥ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋታል። ለእህቴ ባል የሰጡት የአውቶቡስ ሰዓት ነው፤ ለቴክኒሻኗ ማስጠንቀቂያ። አሰጣጥዎ ይደንቀኛል።

፭. ስለ ቀረጻው ጥበቃ አመሰግናለሁ። ባልየው በፍርድ ቤት በአጋጣሚ ተሳፈርኩ፣ ሳያት ደሜ ፈላ፣ ብረቱንም ለጎማ ጥገና ይዤው ነበር ብሏል። አጋጣሚ ከሆነ ቅጣቱ አጭር ነው፤ አቅዶ ከሆነ ረጅም። ማቀዱን የሚመሰክረው ያ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው፤ እኔ ድምፁን ለየሁ ብል ወንድሟ ነህ ይሉኛል። ቀረጻውን ለመንኩ፤ የጣቢያው ንብረት ነው ተባልኩ። ፖሊስ በደብዳቤ ጠየቀ፤ ማኅተሙ አይነበብም ብለው መለሱ። ማኅተሙ በሚነበብ ሌላ ደብዳቤ ጠየቀ፤ ጉዳዩ በየሦስት ወሩ ለሚሰበሰበው ቦርድ ይቀርባል አሉ። ቀረጻ ደግሞ በጣቢያዎ ደንብ በሠላሳኛው ቀን ይጠፋል። ዛሬ ሃያ ስድስተኛው ቀን ነው። እርስዎ ያን ቀረጻ የሚፈሩት የእሱ ድምፅ ስላለበት አይደለም፣ የእርስዎም ስላለበት ነው። እህቴ ሰውየው ቶሎ ከተፈታ ገድሎኝ ይጨርሳል ብላ በግራ እጇ ጽፋ አሳይታኛለች። እኔም አምናታለሁ። ጣቢያዎ በበኩሉ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በየሰዓቱ «ደኅንነትዎን ይጠብቁ» የሚል መልእክት እያሰማ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። በሦስተኛው ቀን መዶሻዬን በኮቴ ኪስ ይዤ ወደ ጣቢያዎ መጥቼ ነበር። ዘበኛው «ጋሼ፣ ለቅጽ ነው?» ብሎ በትሕትና በር ከፈተልኝ። በመስታወቱ በኩል ማጅራትዎን አየሁት፤ ጆሮ ማዳመጫ አድርገው የሰው ልደት እያነበቡ ይስቁ ነበር። የት ጋ እንደምመታ በዓይኔ ለካሁ፤ ልኬት ሥራዬ ነው፣ አልስትም። የመለሰኝ ርኅራኄ አይደለም። እኔ ብታሰር እህቴ ስንቅ የምታመላልስበት እጅ ስለሌላት ነው። ዛሬ ድረስ በሕይወት ያሉት በተሰበረው ክንዷ ነውና ምስጋናውን ለእሷ ያድርሱ።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ በዓሉ ላይ ባለመገኘቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ በእኔ ወንበር ቴክኒሻኗን እንዲያስቀምጡልኝ፣ ቀረጻውንም ከመጥፋቱ በፊት ለፖሊስ እንዲያስረክቡ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

በሳቅዎ የነቃሁ፣ በቅጽዎ የተመዘገብኩ፣ በዕጣዎ የተመረጥኩ፣ መዶሻዬን ለጊዜው ወደ ሥራዬ የመለስኩ ታማኝ አድማጭዎ፣

የአራት ቁጥር ሹፌር ወንድም፣ ሶፋ ሰሪው

ማሳሰቢያ፦ ይህችን በብዕር የጨመርኳት ደብዳቤውን ከለጠፍኩ በማግስቱ ነው። አንድ ፀጉር አስተካካይ መናኸሪያው ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ አንብቦት ሥራ ቤቴ ድረስ መጣ። ያን ቀን ከእህቴ ቀጥለው ያነበቡት የእሱን መንታ ልጆች ልደት ነበር። ሚስቱ ከወሊድ ክፍል ሆና መስማት ስላልቻለች ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልኩ ቀድቶላታል፤ ለመንታዎቹ የሚደውል ሰው ይኖር ይሆናል ብሎም ሳያቋርጥ ቆይቷል። ለመንታዎቹ የደወለ የለም። የደወለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከነጥያቄው፣ እርስዎም ከነመልስዎ አሉበት፤ ከነሳቅዎ። ቅጂው ትናንት ከሰዓት በኋላ በመርማሪው እጅ ገብቷል። ስለዚህ የእርስዎን ቅጂ ሠላሳው ቀን ሳይሞላ ዛሬውኑ ቢያጠፉትም ቅር አይለኝም። በምስክርነት መጠራትዎን የሚገልጸው ወረቀት እየመጣልዎ ነው፤ ማኅተሙ እንደሚነበብ ራሴ አይቼ አረጋግጫለሁ። ሐኪሙ የእህቴ ቀኝ ጆሮ ከእንግዲህ እንደማይሰማ ነግሮናል። ግራው ግን ደህና ነው፤ ችሎቱ ላይ እርስዎን ለመስማት እሱ ይበቃታል።