በኮራልሽ የጻፍሁት ስም

የሺ፣ የኔ ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ አልልሽም፤ ቀብረንሽ ከተመለስን እነሆ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ይህን በገዛ እጁ የሚጽፍልሽ ባልሽ አለኸኝ ነው። አትደንግጪ! በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል አንደኛ ወጥቼ ቡሬን ጉድ አሰኝቻለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌዎች መሆናቸውን ለማንም እንዳትነግሪ። ለነገሩ ለማን ትነግሪያለሽ።

ጊደሯ ወልዳለች። እናትሽ እማሆይ ከኔው ጋር ናቸው፤ ከኮራልሽ ጋር ግን ብዙ ጊዜ አልታረቁም ነበር። «ልጄን የበላ ድንጋይ ነው፣ ወንዝ ጣልልኝ» ይሉኝ ነበር።

ከጅዳ ታመሽ ስትመጪ ኮራሉን በጠርሙስ ውኃ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፈሽው መጣሽ። አሠሪዎችሽ በሳሎናቸው የመስታወት ገንዳ የሚያረቡት፣ ድንጋይ የሚመስል ሕይወት ያለው የባሕር ፍጥረት። እኛ ሸንኮራ አገዳ ቆርጠን እንደምንተክል፣ አንቺም እዚያ ሳለሽ ጫፉን እየቆረጥሽ በጠጠር ላይ እየለጠፍሽ አባዛሽው። ጠርዙ ሐምራዊ፣ መሐሉ እንደ ጤፍ ቡቃያ አረንጓዴ። ይህን ቀለም ባሕሩም አያውቀው፣ እኔ ያወጣሁት አዲስ ዘር ነው ብለሽ ስትኮሪ፣ ጉራዬ ተጋባብሽ ብዬ ሳቅሁ።

ባሕር ከፈለገ ባሕር እሠራለታለሁ አልሁና፣ ለከብቶቹ የገዛሁትን አሞሌ ጨው ወቅጬ በገንቦ ውኃ በጠበጥሁለት። ከአልጋሽ ሆነሽ ቀመስሽና «አለኸኝ፣ ባሕር ሳይሆን ወጥ ነው የሠራህለት» አልሽኝ። ሳቅሽን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ኮራሉ ነጣ፣ ደረቀ። አንቺም ተከተልሽው።

ፊደል መቁጠር ስጀምር ጠመኔ ቸገረኝ። ያን ነጭ ኮራል አንሥቼ በጥቁሩ በራችን ላይ ጫር አደረግሁት፤ ጻፈ! «የሺ» ብዬ ጻፍሁ። እማሆይ ምንድን ነው ሲሉኝ ስሟ ነው አልኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወዲህ ወንዝ ጣልልኝ ብለውኝ አያውቁም። ዝናብ ባጠበው ቁጥር «አለኸኝ፣ ልጄ ጠፋችብኝ፣ ድገምልኝ» ይላሉ። እኔም እደግማለሁ፤ ኮራሉም ያልቃል።

አንቺ ያባዛሽው በሰው አገር ሳሎን ውስጥ ዛሬም ያድግ ይሆናል። እኛ ቤት የቀረው ጥፍር ቢያክል ነው። እሱን በሻሽሽ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ፤ ከእንግዲህ አልጽፍበትም። እማሆይ ዛሬ ጠዋት ድገምልኝ ሲሉኝ ሚስማርና መዶሻ አነሣሁ። ሁለት ፊደል መቼም ቀላል ነው ብዬ ነበር፤ እጄን አቆሰልሁት። ግን ስምሽ በሩ እንጨት ውስጥ ተቀርጾ ገብቷል፣ የሺ፤ እኔ እስካለሁ አንቺም እዚያው ነሽ። እንግዲህ ይዝነብ።

ባልሽ አለኸኝ