እማዬን ወደ ላይ ያወጣሁበት ክረምት

ሰኔ 9
የወቅቱን የአየር ትንበያ ጨረስኩ። ሁለት ገጽ። አንደኛው፦ በክልሉ በሙሉ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ከባድ ዝናብ። ሁለተኛው፦ ከዚያ ዝናቡ ተቋርጦ ከባድ ሙቀት። አለቃዬ አነበበና፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሰው አታስደንግጥ አለኝ። የማስደነግጠው እኔ ነኝ እንዴ? እግሬ አላርፍ ብሎ አሥር ጊዜ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ሰኔ 13
እማዬ ጋ ሄድኩ። ቤቷ ወንዙ ዳር ነው። የዛሬ ስድስት ዓመቱ ጎርፍ ግድግዳው ላይ የተወው መስመር ቀለም ቢቀባም ተመልሶ ይወጣል። እኔ ጋ ነይ አልኳት። እምቢ። ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም፣ ዶሮዎቼን ማን ያያል፣ ጎረቤት አለኝ... ታላቅ ወንድሜ ጋ ብደውል፣ የአየሩ ሰው አንተ ነህ፣ አንተ ታውቃለህ ብሎ ነገሩን እኔ ላይ ደፋው። እንደ ልማዱ።

ሰኔ 16
አመጣኋት። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ግማሽ ሰዓት አረፈች። "ሰማይ ቤት ነው እንዴ የምትኖረው?" አለች። ሳቅን። አልጋዬን ለቀቅኩላት።

ሰኔ 23
ዘነበ።

ሐምሌ 2
ዘጠኝ ቀን ሳያባራ። የጣራዬ ቆርቆሮ ጆሮ ያደነቁራል። እኔ መስኮት ለመስኮት፣ እሷ አልጋዋ ላይ። ዛሬ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ደወለች፤ የእማዬ ቤት እስከ ጉልበት ውሃ ገብቷል። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። "አላልኩሽም?" አልኳት። ዶሮዎቹ ተርፈው እንደሆነ ብቻ ጠየቀች።

ሐምሌ 14
ቆመ። በተባለው ሰሞን! አለቃዬ ሰው ሁሉ ፊት አመሰገነኝ። ደረቴን ነፍቼ ገባሁ ቤት።

ሐምሌ 19
ውጭው ሠላሳ ስምንት ዲግሪ። እማዬ ምግብ አስጠላኝ ትላለች። ወርዳ ጥላ ሥር ልትቀመጥ ፈልጋ ጉልበቷ እምቢ አላት። ማራገቢያ ገዛሁላት። ትኩስ አየር ያዞራል፣ ሌላ ምን ያደርጋል? ልቤ አላረፈም። ግን ሥራ ሄድኩ።

ሐምሌ 21
ከቢሮ ስመለስ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ገላዋ ደረቅ፣ እንደ ምጣድ የጋለ። አላወቀችኝም። ጎረቤቶች ተጠርተው በአንሶላ ተሸክመን አወረድናት። ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም እማዬ የት እንደምትተኛ ጠየቀችኝ። አራተኛ ፎቅ፣ ቆርቆሮ ሥር አልኳት።
"በዚህ ሙቀት? ማስጠንቀቂያውን አልሰማችሁም?"
"አልሰማንም" አልኩ።
መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ሐምሌ 22
ነቅታለች። ውሃ ጠጣች። ያንን ሁለተኛ ገጽ በእጄ ነው የጻፍኩት። ሙቀቱ አግኝቶ የሚጥለው ሰው እማዬ ትሆናለች ብዬ አንዲት ቀን አላሰብኩም... ለክልሉ ነበር የጻፍኩት።

ሐምሌ 25
ነገርኳት። ሙቀት እንደሚመጣ አውቅ ነበር አልኳት።
"እኔም አውቅ ነበር" አለች። "ጣራህ ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ይጠፋኛል?"
"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"
"መቼ ጠየቅከኝ?"


ነሐሴ 4
እሷ ቤት ነን። ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ጭቃውን ጠርገን ጨረስን፣ ግድግዳው ግን ገና እርጥብ ነው። ከቢሮ ደውለው ነበር፤ በወሩ መጨረሻ እንደገና ከባድ ዝናብ ሊኖር ይችላል። እማዬ በረንዳው ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።
"እንደገና ከዘነበ የት መሆን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።
ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። "ልብስ ሰፊዋ ጋ ነዋ" አለች። "ቤቷ ከፍ ያለ ነው፤ አምስት ደረጃ ብቻ። ያኔም የፊተኛው ጎርፍ ሲመጣ እሷ ጋ ነው የከረምኩት።"
ስድስት ዓመት። የት እንደከረመች አላውቅም ነበር።
ተነሳሁና ሄጄ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳሁ።