በሬዲዮ ስለ አንቺ የተናገርኩት

ካንቤራ፣ ጥር መጨረሻ

ለእንጀራ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ በዚህ ሙቀት እንዴት ሆነልሽ? እኛ ደህና ነን። እዚህ ሣሩ ሁሉ ገለባ መስሏል፤ እናንተ ዘንድ ኩራ ከተማ ዘንቧል ሲሉ ሰምቼ ደስ አለኝ።

ስድስት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ብዕር ማንሳቴ ሳያስደነግጥሽ አይቀርም። ክፉ ነገር የለም። የምነግርሽ ግን አለኝ።

አባባ በሞተ በወሩ በሬዲዮ የተናገርኩትን እንደሰማሽ አውቃለሁ። ጋዜጠኛዋ ስለ ሥራዬ፣ የእንስሳትና የሰው ጠባይ በዘመናት ብዛት እንዴት እንደተቀረጸ ስትጠይቀኝ፣ እንጀራ እናት የባሏን ልጅ የምትንከባከበው ባሏን ለማቆየት ነው አልኩ። የኔም እንደዚያው ነበረች ብዬ ጨመርኩበት። ይህን ማንም አልጠየቀኝም። ሐዘኔን የምጭንበት ሰው ፈልጌ ነበር። በማግስቱ ደወልሽ፤ ስለ ሬዲዮው ትንፍሽ ሳትዪ እህል ቀምሼ እንደሆነ ብቻ ጠየቅሽኝ። እኔ ስልኩን ዘጋሁብሽ።

የምከታተላቸው ወፎች የሚኖሩት ሜርቭ በሚባል ሽማግሌ በግ አርቢ መሬት ላይ ነው። ጥቁር ናቸው፤ ሲበሩ ብቻ ክንፋቸው ላይ ነጭ ይታያል። ጎጆ የሚሠሩት በጭቃ ነው፤ ጫጩት የሚያሳድጉትም መንጋው ሁሉ ተረባርቦ። ለሥጋ ዘመድ ካልሆነ ማንም እንዲህ አይለፋም ብዬ መጽሐፍ ጽፌያለሁ። ካቻምና ግን ጫጩቶቹን ከሁሉ አብልጣ የመገበችው እግሯ ላይ ቢጫ ቀለበት ያሰርንላት ወፍ ሆነች። ደሟ ሲመረመር ከመንጋው ጋር ምንም አትዛመድም። በጫጩትነቷ ከሌላ መንጋ ነጥቀው ያመጧት ናት። አለቃዬ ፌኔላ፣ አንዲት ወፍ የሃያ ዓመት ሥራ አታፈርስም፣ ከቆጠራው አውጫት አለችኝ። የሥራ ውሌ የሚታደስበት ወር ነበር።

ይህን ሳወራለት ሜርቭ ዳቦ ላይ ማርማላታ እየቀባ ነበር። ያንቺን የፕሪም ማርማላታ። በየዓመቱ የምትልኪልኝን ጠርሙስ ሳልከፍት ለሱ ነበር የምሰጠው፤ ይቅር በይኝ። ማን እንደሚሠራው ጠየቀኝ። ነገርኩት። የሬዲዮውንም ሳልደብቅ ነገርኩት።

«አባትሽ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው ልጄ?» አለኝ።

አምስት ሊሞላው ነው አልኩት።

«ታዲያ ይቺ ሴትዮ ማንን ለማቆየት ነው እስካሁን ፕሪም የምትቀቅለው?»

ተሰናብቼው መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። የልጅነቴ ወንዝ ትዝ አለኝ። ውኃ የምትፈሪው አንቺ፣ እኔ ዋና እስክለምድ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ወገብሽ ገብተሽ፣ ከንፈርሽ እየተንቀጠቀጠ ሆዴን በመዳፍሽ ደግፈሽ ትይዢኝ ነበር። አባባ ሥራ ሄዶ ባቡር ላይ ነበር፤ አላየሽም። ኋላም አልነገርሽውም።

ወፏን አላወጣኋትም። ተሳስቻለሁ ብዬ በገዛ ስሜ ጻፍኩ። ፌኔላ ወር ሙሉ አኮረፈችኝ። በኋላ ሁለት ተመራማሪዎች፣ እኛም እንዲህ ያለ ወፍ አይተን ፈርተን ዝም ብለን ነበር ብለው ሲጽፉልን፣ ራሷ ውሉን ፈርማ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ይህን ግትርነት ከማን ነው የወረስሽው አለችኝ። አባባ እንኳ ለስላሳ ሰው ነበር።

ያኔውኑ ልጽፍልሽ ይገባ ነበር። አፈርኩ። ዘንድሮ ግን ማፈሪያ ጊዜ የለኝም።

ሐኪሜ መሰላል መውጣት ስለከለከለችኝ ጎጆዎቹን የሚያዩልኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ባሌ ሮዋን የጓሮውን ክፍል ቀለም ቀብቶ ሁለት አልጋ አስገብቶበታል፤ አንዱ ያንቺ፣ ትንሹ የሚወለደው ሕፃን ነው። ሚያዝያ ሳይገባ ነይ። አውቶቡስ ጣቢያ ቆሞ ይጠብቅሻል። መቼ ነው የምትመለሺው ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። ሮዋን ምን ተብለሽ እንደምትጠሪ ሲጠይቀኝ፣ መጥታ ራሷ ትምረጥ አልኩት።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ዕድሜሽን ለሁላችንም ያርዝምልን።

ልጅሽ