በሩን የሚያንኳኳ ሰው ያለበትን ቤት የፈለጉት የወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤት ጀርባ በነበረች አንዲት የኪራይ ክፍል ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ይህን የጻፍኩት እኔ ደግሞ የመጨረሻዋ ነኝ፤ በመካከላችን የነበሩት ሁለቱ ቀድመውናል። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጥ ነበር። ጋሼ የምላቸው ወንድሜ ብቻቸውን መተኛትን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጨርሶ አልለመዱትም።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በሒሳብ ዲግሪ እስኪይዙ ድረስ አንደኝነታቸውን ለማንም አላስነኩም። በጨዋታ ግን አይሆንላቸውም ነበር፤ ኳስ ሲያቀብሏቸው ይቅርታ ጠይቀው ይመልሱ ነበር። በ1971 ዓ.ም. በቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ። «ስለ ንብ ነው፣ ሽፋኑ አረንጓዴ ነው» ብሎ ለመጣ ሰው መጽሐፉን ሳያገኙ ምሳ አይወጡም። ኮምፒውተር ሲመጣም ማንም ሳያስተምራቸው ከመመሪያው ጋር እየተጣሉ ተማሩት።

በ1976 ዓ.ም. ነርስ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። ጋሼ ዝምተኛ ስለነበሩ የሁለቱንም ወሬ ባለቤታቸው ያወሩት ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ ይህን ነገር የሚያነሳ ዘመድ ሲመጣ ባለቤታቸው ወዲያው ራዲዮ ይከፍቱ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሲያርፉ ቤቱ ጭር አለ፤ ወንድሜም ከቢሮ የሚወጡበትን ሰዓት ማዘግየት ጀመሩ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥተው የገቡበት ቢሮ የኪራይ ቤቶችን የሚያሳይ ድረ ገጽ ነበር። ጋሼ ከመግባታቸው በፊት ቤት ፈላጊው አንዱን ለማግኘት ሁሉንም ቤት ማየት ግድ ይሆንበት ነበር፤ መከራ ነው። ፍለጋውንም ማጣሪያውንም የሠሩት እሳቸው ናቸው፦ በክፍል ብዛት፣ በፎቅ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል። ወጣቶቹ «አባ አጣራ» የሚል ስም አወጡላቸው። ደስ ይላቸው ነበር፤ እንዳይታወቅባቸው ግን ይቆጡ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ሞተው ሳይታወቅ ሰነበቱ። ጋሼ በዚያ በር ጠዋት ማታ ያልፉ ነበር። በሌላ ከተማ ላለሁት ለእኔ ደወሉና «እኅቴ፣ ሞት አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ሞቶ መሰንበት ነው» አሉኝ። «ምን ሟርት ነው ጋሼ!» አልኳቸው። እሳቸው ግን ቆርጠው ነበር። ለአከራዮች አንድ ጥያቄ፣ ለፈላጊዎች አንድ ማጣሪያ ጨመሩ፦ «ተከራዩ ካልታየ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አለ።» ሥራ አስኪያጁ «ጋሼ፣ እኛ የምናከራየው ቤት ነው ወይስ ዘመድ?» ብለው ሳቁ፤ ቢሆንም ይሞከር አሉ።

ሥራ በጀመረበት ቀን ማጣሪያውን ሲነኩት «ምንም አልተገኘም» አለ። ኮዱ ተበላሽቷል ተብሎ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተረባረበ፤ መስመር በመስመር ፈተሹት። ማጣሪያው ጤነኛ ነበር። «አዎ» ብሎ የመለሰ አከራይ ነው የጠፋው።

ሥራ አስኪያጁ ባዶ የሚያሳይ ነገር ያሳፍረናል፣ ይነሳ ብለው አዘዙ። ጋሼ ጥቂት ቀን ለምነው በእረፍታቸው የአከራዮችን ደጅ ይጠኑ ጀመር። አብዛኞቹ «ኪራዩን ይክፈል እንጂ ምን አገባኝ» አሏቸው። በመጨረሻ ከግቢያቸው ጓሮ አንዲት ክፍል የሚያከራዩ ልብስ አጣቢ «ምን ማንኳኳት ብቻ፣ እሰብረዋለሁ እንጂ!» ብለው መለሱ። በፍለጋው ላይ አንድ ቤት ወጣ። በዚያው ሳምንት ግን ተመልሶ ጠፋ፤ የተከራዩት ባለማጣሪያው ራሳቸው ነበሩ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቁም፤ «የተወሰደ ነገር ፈላጊ አለው ማለት ነው» ብለው ማጣሪያው እንዲቆይ ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ «አዎ» የሚሉ አከራዮች አንድ ሁለት እያሉ መጡ።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው ስድስት ዓመት በዚያች ክፍል ኖሩ። ብቸኝነቱ ለቀቃቸው ብል ዋሸሁ። ከአጣቢዋ የየጠዋት ማንኳኳት በቀር ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ የማይሰሙባቸው ቀናት ነበሩ፤ የባለቤታቸውን ስም እየጠሩ ሲያወሩም አጣቢዋ ሰምተዋል።

በልብ ሕመም ሲታመሙ ሰንብተው ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ሳይመልሱ ቀሩ። አጣቢዋ እንዳሉት አደረጉት፤ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። ወንድሜ በሕይወት ነበሩ። እጃቸው በሰው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ ረፋዱ ላይ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። እኔ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው።

ከእኔ በቀር የቀራቸው የሥጋ ዘመድ የለም። ትናንት ማታ በአልጋቸው ተኛሁ። ዛሬ ጠዋት ገና ሳልነሳ በሩ ተንኳኳ። እኔም ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ በሬ ከተንኳኳ ስንት ዘመኑ። ደንግጬ ቀና አልኩና «አለሁ!» አልኩ።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ብቻዋን አይተዋት። አሜን።