የጭምቱ አድራሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ልምምድ። ከጎማ መጋዘኑ ጀርባ ያለችው ክፍላችን የላስቲክ ሽታዋ ዛሬም አልለቀቃትም። ፍሬን ጊታሩን አንግቶ ዘግይቶ ገባ። መኪና መንዳት የሚያስተምረው አንዱ ተማሪ መኪናዋን ግንብ ላይ ሊያወጣት ሲል «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ ሲጮህ አርፍዶ ድምፁ ሻክሯል። ያወጣንለት ስም እንኳን ሲያንሰው ነው። ጋሼ አርሞኒካቸውን በመሐረብ ሲወለውሉ ቆዩና ዘፈኑ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ብሉዙ ይበልጥ ተስማምቷቸዋል... የሚያዝኑበት ጊዜ አገኙ መሰለኝ።

ጭምቱ አልመጣም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድራሙ ጋ ቀድሞን ተቀምጦ የሚጠብቀን ሰው! ስልኩ ዝግ ነው። «ጉንፋን ይሆናል» አለ ፍሬን። ያለ ድራም ሦስት ዘፈን ሞከርን። ቤዝ ጊታሬን ይዤ፣ መብራት በጠፋበት ደረጃ እንደሚወርድ ሰው፣ መርገጫ ስፈልግ ዋልኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

መነጽር ቤት። ስድስት ጥንድ ሌንስ ሞረድኩ። ዛሬ ለሰው የተናገርኩት ይኸው፦ «ወደ ላይ ይመልከቱ።» «ጆሮዎን ይቆረቁርዎታል?» «ነገ ይውሰዱት።» በቃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዛሬም የለም። ስልኩም እንደተዘጋ ነው።

«ቤቱ ሄደን እንየዋ» አልኩ። ፍሬን ወደ ጋሼ አየ። ጋሼ ወደ እኔ አዩ።

«ቤቱ የት ነው?» አለ ፍሬን።

«እኔማ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ» አሉ ጋሼ። «ሁለታችሁ ስትጫወቱ እኮ አንድ ሰው ነው የምትመስሉት።»

አንድ ሰው... እውነት ነው፣ ብዙ አውቃለሁ። ዘፈን ሊያስጀምር ሲል በአፍንጫው አየር እንደሚስብ አውቃለሁ። የዜማው ዙር ሊያልቅ ሲል ግራ እጁን ለቅጽበት ያዝ እንደሚያደርግ፣ እኔም ያኔ እንደምጠብቀው። ከፍቶት የመጣ ቀን ከሁለተኛው ምት እለየዋለሁ። ሚስት አለችው? ልጅስ? ምን ሠርቶ ነው የሚያድረው? አላውቅም። ጠይቄው አላውቅማ። እሱም አልጠየቀኝም። ይህን ደግሞ ጨዋነት ነው እያልኩ እኮራበት ነበር! ሰው አላስቸግርም፣ ነገር አላበዛም... ጉድ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ደወልኩ። ዝግ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ፍሬን የድራም ማሽን ይዞ መጣ። ከዘመዱ ተውሶ ነው። «ኅዳር 15 የሆቴሉ ግቢ ዝግጅት አለብን፤ ምን ላድርግ?» አለ። አልፈርድበትም። ማሽኑ አይዘገይም፣ ጉንፋን አይዘውም፣ አይከፋውም። ዙሩ ሊያልቅ ሲል እንደ ልማዴ ጠበቅኩት። ጥሎኝ ሄደ።

«ምን ሆነሻል? ወደኋላ እየቀረሽ እኮ ነው!»

«እኔ ነኝ ወይስ ይኼ ቆርቆሮ?»

ገመዴን ነቅዬ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ አኩርፌ ልምምድ ጥዬ መውጣት... ቤት ገብቼ ቤዙን ሳልሰካ ብቻዬን ተጫወትኩ። እንዲያ ሲሆን ከወንበሩ ሌላ ማንም አይሰማውም።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ልጄ ደወለች። «እማ፣ ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ምን አዲስ ነገር አለ?» «ምንም።» ስለ ጭምቱ ልነግራት ፈልጌ ነበር። ማነው ብዬ ልንገራት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

አንድ ደንበኛ መነጽራቸው ጠፍቶባቸው መጡ። የድሮ ቁጥራቸውን ልፈልግ የካርዱን መሳቢያ ሳበጥር የጭምቱ ካርድ እጄ ላይ መጣ። ከአራት ዓመት በፊት መነጽሩን የሠራሁለት እኔው ነኝ። ጽሑፉ የእኔ ነው። ሰፈር፣ የሕንፃ ቁጥር፣ አራተኛ ፎቅ። ሥራ፦ ሚዛን ጠጋኝ።

ሚዛን ጠጋኝ! የገበያ ሚዛን፣ የፋርማሲ ሚዛን...

ከፊቴ ተቀምጦ አንድ በአንድ ነግሮኛል፤ እኔም በዚህ እጄ ጽፌዋለሁ። ያየሁት ግን የዓይኑን ቁጥር ብቻ ነው። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

አለቃዬን ግማሽ ቀን አስፈቀድኩ። «የታመመ ዘመድ አለኝ» ብዬ። ቅጥፍ አድርጌ ዋሸሁ። ለመታመሙስ በምን አወቅኩ? ሊፍት የሌለው ሕንፃ ነው። አራተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ ደረጃ ይወለውላሉ።

«ማንን ፈለግሽ?»

ነገርኳቸው።

«ምኑ ነሽ?»

ለአለቃዬ እንዳልኩት «ዘመድ» ማለት አቃተኝ። «አብረን... ሙዚቃ እንጫወታለን።»

«እሱ? ሙዚቃ?» መወልወያውን አስደግፈው ሳቁ። «ግድግዳ ለግድግዳ አሥራ አንድ ዓመት ኖረናል፤ ሲያፏጭ እንኳ ሰምቼው አላውቅም!» ከዚያ ሳቁን ተዉት። ደረጃው ላይ ወድቆ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ስትሮክ ነው። ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ስልኩ አብሮት ወድቆ ተከስክሷል። ግራ እጁና ግራ እግሩ እምቢ ብለዋል።

መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ጢሙን በአንድ እጁ ሲላጭ ግማሹን ዘሎታል። ግራ እጁ ጭኑ ላይ፣ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ እንደተቀበለ ሁሉ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ የተፈታታ ትንሽ ሚዛን።

«እንዴት አገኘሽኝ?»

«በመነጽርህ።»

በአፉ ግማሽ ሳቀ።

«ለምን አላስላክህም?» አልኩት። ተቆጥቼ ነበር። ማን ላይ እንደሆነ እንጃ።

«ወዴት ልላክ? የአንዳችሁንም ቤት አላውቅ። መነጽር ቤትሽ መላክም ማስቸገር መሰለኝ። ደግሞስ... ማን ይመጣል ብዬ?»

አለቀስኩ። ፊቱ። ለራሱ የታመመ ሰው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲለኝ ቆየ።

እህቱ ከሩቅ ከተማ ልትወስደው ልትመጣ ነው። ሌላ የሚያነሳው የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ነገርኳቸው። ጋሼ አርሞኒካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ፍሬን ማሽኑን ከጠረጴዛው አንስቶ ጥግ ወረወረው፤ ከዚያ የሰው መሆኑ ትዝ ብሎት ሄዶ አቧራውን አራገፈ። ሦስታችንም ሄድን። ጋሼ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ እየተቀመጡ። ስንገባ ግን የሚያወራው ጠፋ። ያለ መሣሪያ አራታችን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አናውቅም። ፍሬን ስለ ጎማ አወራ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

መጣ!

ፍሬን ነው አዝሎ ያወረደው። አራት ፎቅ። ጀርባው ላይ ሆኖ «ፍሬን ያዝ! ኧረ ፍሬን ያዝ!» ይለው ነበር። በዘጠኝ ዓመት ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልድ።

ድራሙ ጋ አስቀመጥነው። ቀኝ እጅ፣ ቀኝ እግር። ዝግ ያለውን ብሉዝ ያዝን። በአፍንጫው አየር ሳበ... ሰማሁት። ዙሩ ሊያልቅ ሲል ግራ እጁ የሚገባባት ቦታ ላይ ደረስን። ምንም። ባዶ። ልሞላለት እችል ነበር፤ ሁለት ኖታ ይበቃል። ተውኩት። በየዙሩ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ አብረን ቆምን፣ አብረን አለፍን። እንዲህ ተጫውቼ አላውቅም።

እህቱ ካፖርቱን በክንዷ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ብቻውን ነው የሚኖረው ብለን ስንት ዓመት ተጨነቅን፤ ለካ እናንተ ነበራችሁ» አለችኝ። አላረምኳትም።

ሊሄድ ሲል ቀኝ እጁን ሰጠኝ። «ዙር ማብቂያው ላይ... ሁልጊዜ ትጠብቂኝ ነበር» አለ። «አውቃለሁ። አመሰግናለሁ።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዱ። አዲሱን አድራሻ በእጄ ጻፍኩ። ይኸኛውን አነበብኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ሆቴሉ ግቢ ከሰዓት በኋላ ያለ ድራም ተጫወትን። ሰው አጨበጨበ። የጎደለ ነገር መኖሩን የሰማ አንድ ሰው አልነበረም። ወንበሮቹን ሲሰበስቡ ቤዜን አቅፌ ብዙ ቆየሁ። ናፈቀኝ። በቃ፣ ናፈቀኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

አዲሷ ድራመር ሦስተኛ ሳምንቷ። ጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ትመዘግባለች። ጎበዝ ናት፤ ክፋቷ ትቸኩላለች። እኔ ልጠብቅ ስል እሷ ቀድማ ደርሳ ትጠብቀኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር። ዛሬ እሷም ታዝባው ኖሮ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ትንሽ ያዝ አደረገች፤ እኔ ደግሞ ፈጠን አልኩ። ተጋጨን። ሳቀች። እኔም።

ስንጨርስ ሹራቧን ደርባ ልትወጣ ስትል፣ «ቤትሽ በየት በኩል ነው?» አልኳት። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው እትዬ?»

«ልሸኝሽ።»

ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ጫማዬ ላጠኝ። መንገዱን ሙሉ አወራች፤ እናቷ ስኳር አለባቸው፣ ታናሽ ወንድሟ አኩርፎ ከቤት ከወጣ ሁለት ወሩ ነው፣ ጥርስ ሐኪሙ ራሱ ጥርሱን መታየት ይፈራል። እኔም አወራሁ። ስለ ልጄ። ስለ ጭምቱም፣ ደብዳቤ በቀኝ እጁ ብቻ እንደሚጽፍልኝ። «ድሮስ በስንት እጅ ይጻፋል?» ብላ በሳቅ ልትፈርስ። እውነቷን ነው።

ሁለተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል፣ አረንጓዴ በር።

«ግቢ እንጂ እትዬ፣ እዚህ ድረስ መጥተሽማ!»

«ሌላ ቀን» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

ገባሁ።