ታሪክ ወይስ ጂኦግራፊ

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣ መውጣት መግባትህን ይባርክልህ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬ ተጠግኖ መጣ፤ ጣሪያው ግን አሁንም ያፈሳል። ሳሉስ ለቀቀህ? ትበላለህ?

ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ናት። ትምህርት ቤት ከታሪክና ከጂኦግራፊ አንዱን ምረጡ ብለዋቸዋል። ትናንት የልብስ መለኪያ ሜትሬን ካርታ ላይ ዘርግታ አንተ ያለህበትን ስትለካ አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም፣ እማዬ።»

ክው ብዬ ቀረሁ። አንተም የጀመርከው ካርታ በማየት ነበር። እሷም ከሄደች ከማን ጋር ልቀር ነው? ታሪክ ምረጪ አልኳት፤ እሺ ብላ ቅጹን አስፈረመችኝ። አንተም ደውለህ ምከርልኝ። ዕድሜህን ያርዝመው።

ወንድሜ፣ ይኼን የምጽፈው ከራሴ ነው። እማዬ ማንበብ እንደማትችል ታውቃለህ። ቅጹ ላይ ምልክት ያደረግሁት ጂኦግራፊ ላይ ነው። ከሰማች ትታመምብኛለች ብዬ በጣም ፈርቻለሁ። እኔ የትም አልሄድም፤ አንተ የት እንዳለህ ማወቅ ብቻ ነው የፈለግሁት። እባክህ፣ ስትደውል ቀስ ብለህ ንገርልኝ።

አጠገቤ ተቀምጣ መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነው። «እኔ ያልኩሽ ይኼን ያህል ነው እንዴ? እስቲ አንብቢልኝ» እያለችኝ ነው።